ማግኘትና መያዝ፦ ዲጂታል ቴክኖሎጂ በቤተ መጻሕፍት፣ በምርምርና በትምህርት ላይ ያመጣው ለውጥ

(ባሕር ዳር ላይ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ የተጻፈ።)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ መምህራንና ተማሪዎች፤

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ወደምሠራበት ቤተ መጻሕፍት መጥታ፣ ስለ ጣና የደንገል ታንኳ አሠራር በአማርኛ የተጻፈ አንድ የቆየ የመመረቂያ ጽሑፍ ፈልጌ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ካታሎጉ ጽሑፉ አለ ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ግን የለም። የተጠረዘው ቅጂ ማን እንደወሰደው ሳይመዘገብ ጠፍቶ፣ ከጽሑፉ ጋር ገቢ የተደረገው ሲዲ ብቻ ከሌሎች ብዙ ሲዲዎች ጋር በአንድ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ሲዲውን የምናስገባበት ኮምፒውተር ስንፈልግ ደግሞ በቢሯችን ካሉት አዳዲስ ላፕቶፖች አንዱም የሲዲ ማጫወቻ እንደሌለው ያን ዕለት አስተዋልን። በመጨረሻ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ማጫወቻ ተውሰን ፋይሉን ስንከፍተው፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ተደባልቆ የፈሰሰበት ነገር ሆኖ አገኘነው። ደህና የነበሩት በሰንጠረዡ ውስጥ ያሉት ቁጥሮችና የታንኳዎቹ ፎቶግራፎች ብቻ ነበሩ።

«ቫይረስ በልቶት ነው፣ ጋሼ?» አለችኝ።

አልነበረም። ጽሑፉ ሙሉ ለሙሉ እዚያው ነበረ፤ የጠፋው ፊደሉን የሚያሳየው ፎንት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮች አንድ ፎንት ውስጥ ማስተናገድ የሚችሉት ቢበዛ 256 ምልክት ሲሆን፣ የእኛ ፊደል 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏና ቷን፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ስንጨምርበት ቦታው አይበቃም። ስለዚህ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች ፊደሉን በላቲን ፊደል ወንበር ላይ እያስቀመጡ፣ አንዳንዴም በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፍለው ያጽፉን ነበር። ኮምፒውተሩ በልቡ የሚያውቀው ላቲን ነው፤ ፎንቱ ደግሞ አማርኛ የተሳለበት መጋረጃ ነው። መጋረጃው ሲነሣ ከሥር ያለው ይታያል። ለሁሉም ፊደላት የየራሳቸውን ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የእኛን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ሲሆን፣ ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ተካቶ ወደየቤታችን የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ የተተየበው፣ ከዚያም በኋላ በልማድ ለብዙ ዓመታት በአሮጌው መንገድ ሲተየብ የቆየው ሁሉ ዛሬ ይህች ተማሪ ያየችውን መልክ ይዞ በየካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል።

በሦስተኛው ቀን ያ ፎቶ ኮፒ ቤት ራሱ አዳነን። ባለቤቱ ከጥግ በጨርቅ የተሸፈነ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበረውና፣ «ይኼን ያልጣልኩት ለሽማግሌዎች ማመልከቻ ስለምጽፍበት ነው» እያለ ከፈተው፤ አሮጌው ፕሮግራም ተጭኖበት ስለነበር ፊደሉ ተመልሶ ቆመ። ተማሪዋ በደስታ ስታጨበጭብ እኔ ያደረግሁት ነገር ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ወዲያው ሁለት ቅጂ በወረቀት እንዲታተም አዘዝሁ።

ዛሬ የምናገረው በዚህ ታሪክ ውስጥ ስላለ አንድ ጉዳይ ነው። ቤተ መጻሕፍት ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሥራ ነበረው፤ አንዱ መያዝ፣ ሌላው ሰው የተያዘውን እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ዲጂታል ቴክኖሎጂ ሁለተኛውን ሥራ አባቶቻችን በሕልማቸውም ባላዩት መጠን አቅልሎታል። ነገር ግን ማግኘት ሲቀለን የያዝን መሰለን። በስልካችን የምናየው ሁሉ የእኛ ይዞታ የሆነ ያህል መደርደሪያውን ችላ አልነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን ከሙያችን ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ስለ መያዝ ለመናገር ከባሕር ዳር የተሻለ ቦታ የለም። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በጀልባ ጥቂት ብትጓዙ ክብራን ገብርኤል አለ፤ ወደ ዘጌ ብትሻገሩ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ራቅ ብላችሁ ብትሄዱ ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ አሉ። በእነዚህ ገዳማት ዕቃ ቤቶች ውስጥ በብራና ተጽፈው፣ በእንጨት ገበታ ተጠርዘው፣ በቆዳ ማኅደር ተከተው ዘመናትን የተሻገሩ መጻሕፍት አሉ። ብዙዎቹን ስትከፍቱ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚል ታነባላችሁ፤ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው እንደ እርግማን ብቻ ያያታል፤ እኔ ግን እንደ ባለሙያ ሳነባት ሁለት አደጋዎችን ለይታ ማስቀመጧ ይደንቀኛል። አንዱ መጽሐፉ ከቦታው መነሣቱ ነው። ሌላው መጽሐፉ በቦታው እያለ ጽሑፉ መለወጡ፣ በተለይም የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም መግባቱ ነው። ዛሬ የዲጂታል ማኅደር ባለሙያዎች ፋይል እንዳይጠፋና ማንም ሳያውቅ እንዳይነካካ ሲሉ የሚጨነቁት ስለ እነዚሁ ሁለት ነገሮች ነው። የወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ደግሞ የርስትና የጉልት ስጦታ ይመዘገብበት ስለነበር፣ የቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ የአካባቢውም መዝገብ ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

እነዚህን መጻሕፍት በፎቶ የማንሣት ሥራ እዚሁ ሐይቅ ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። ጀርመናዊው ምሁር ኧርንስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ወደ ጣና ደሴቶች መጥቶ መጻሕፍቱን በማይክሮፊልም አነሣ፤ የካታሎጉም የመጀመሪያ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1973 በጀርመንኛ ታተመ። በዚያው በ1973 ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ከሚገኘው፣ ዛሬ ሒል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ከሚባለው ተቋም ጋር በመተባበር የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማስቀረት ሥራ ጀመረች። ይህ ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አንሥቷል። እነዚያን ፊልሞች አንድ በአንድ እያነበበ በመዘርዘር ከማንም በላይ የደከመው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው፤ በደርግ ጊዜ በጥይት ተመትቶ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ካቃተው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በሚኒሶታ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ከጎጃምና ከጎንደር፣ ከሸዋና ከወሎ የተነሡ መጻሕፍትን አነበበ። እነዚያ ፊልሞች ዛሬ ወደ ዲጂታል እየተቀየሩ በድረ ገጽ ላይ ወጥተዋልና፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ተማሪ ተመዝግቦ በነጻ ሊያያቸው ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ያንኑ ምስል እዚህ ተቀምጦ ማየት አይታሰብም ነበር።

ይሁንና አንድ ትንሽ ነገር ላንሣ። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። በብራናው ላይ የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መግቢያ በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ በፊልሙ ላይ ግን ቀዩ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይታይም። ስሙን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አሁንም ጀልባ መሳፈር አለበት።

አንድ ጊዜ በአንደኛው ደሴት ገዳም ዕቃ ቤት ጠባቂ የሆኑ አባት መጽሐፍ አውጥተው ለእንግዶች ሲያሳዩ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። እንግዶቹ በየስልካቸው እየተሽቀዳደሙ አነሡና ሄዱ። አባ መጽሐፉን በጨርቅ እየጠቀለሉ፣ «የሚያነሡት ሁሉ እንልክልዎታለን ይላሉ። እስከ ዛሬ የላከ የለም፣ ልጄ» አሉኝ። የተናገሩት በቅሬታ አልነበረም፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አሰብሁበት፤ ምክንያቱም እኔም ከዓመታት በፊት በዚያው ዕቃ ቤት አንሥቼ ያልላክሁ ሰው ነበርሁ።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን ልምጣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያው ዓመት መለወጫ ማግስት፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም፣ ለንደን የሚገኘው ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒውተር ወንበዴዎች ተጠቅቶ የድረ ገጽ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱትን ብራናዎች ጨምሮ በዲጂታል ያወጣቸው መጻሕፍትም ለረጅም ጊዜ ሳይታዩ ቀሩ። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ወቅት እኛ ከዚህ መውጣት አቃተን፣ እነሱም ከዚያ መስጠት አቃታቸው። በዚያን ሰሞን በዚህች ከተማ ውስጥ ማንም ሳያቋርጥ ሊያነባቸው የቻለው የግዕዝ መጻሕፍት በደሴቶቹ ላይ በማኅደራቸው ውስጥ የነበሩት ናቸው። ይህን የምለው ወደ ብራና እንመለስ ለማለት አይደለም፤ እኔ ራሴ ያለ ኢንተርኔት ግማሽ ሥራዬን መሥራት የማልችል ሰው ነኝ። የምለው፣ ቅጂው በእጃችን ከሌለ ያገኘነው ነገር የተበደርነው ብቻ ነው። አሜሪካ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1999 «ሎክስ» የተባለ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ስሙ ሲተረጎም ብዙ ቅጂ ነገርን ያቆያል እንደ ማለት ነው፤ አሠራሩም አንድን የምርምር መጽሔት ብዙ ቤተ መጻሕፍት በየሰርቨራቸው እንዲያስቀምጡና ቅጂዎቹ እርስ በርስ እየተያዩ የተበላሸውን እንዲያርሙ የሚያደርግ ነው። የአገራችን ቁም ጸሐፊ ይህን ሐሳብ ቢሰማ አዲስ ነገር አይሆንበትም። አንድ ድጓ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው እየተገለበጠ የደረሰው እንደዚሁ ነውና።

ስለ መያዝ ይህን ያህል ካልሁ፣ ቀላል ሆነ ያልሁት ማግኘትም በእኛ ቋንቋ ሲሆን ምን ያህል እንደሚያስቸግር ላሳያችሁ፤ ይህ የዕለት ተዕለት ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። መጀመሪያው በንጉሡ «ሥ» ወይም በእሳቱ «ስ» ሊጻፍ ይችላል፤ «ጽ» በ«ፅ» ሊተካ ይችላል፤ «ሑ» ደግሞ «ሁ» ወይም «ኁ» ሊሆን ይችላል። ሁለት በሁለት በሦስት ሲባዛ 12 ይሆናል፤ ሁለቱን ቃል አጋጥሞም ለይቶም የሚጽፍ ስላለ 24 ነው። ለሰው ጆሮ አንድ የሆነው ቃል ለኮምፒውተሩ 24 የተለያዩ ቃላት ነው። ተማሪው በአንዱ ጽፎ ሲፈልግ በሌሎቹ 23 መንገዶች የተመዘገቡት መጻሕፍት አይወጡለትም፤ «የለም» ተብሎም ይሄዳል። በካርድ ካታሎግ ዘመን ይህ ችግር አልነበረም፤ መሳቢያውን የሚስበው ሰው ዓይኑ ያርመው ነበር። ችግሩን መፍታት ደግሞ ከባድ አይደለም። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ፍለጋው ላይ ብቻ ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ አጭር ሕግ ለሶፍትዌሩ መስጠት ይበቃል፤ የመጽሐፉ ርእስ ግን ደራሲው እንደጻፈው ሳይነካ ይቀመጣል። አንዳንድ ሰዎች ፊደሉን ራሱን እንቀንስ ይላሉ። በእኔ እምነት ለማሽን ሲባል ሠራዊትን በእሳቱ ሰ እንጻፍ ማለት፣ በሩ ስለጠበበ ሰውየው ይቀጥን እንደ ማለት ነው።

በግሱና በስሙ ላይ ከፊትም ከኋላም የሚቀጠለውስ? «መጽሐፍ» ብሎ የፈለገ ሰው «መጻሕፍት»ን፣ «ከመጽሐፉ»ን፣ «በመጽሐፎቻችን»ን አያገኝም። ለእንግሊዝኛ የተሠራ መፈለጊያ የቃሉን ጫፍ ቢቆርጥ አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል፤ የእኛ ቃል ግን ከውስጡም ይለወጣል።

የስም ነገርም አለ። ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በአባቱ ስም ይጠራል፤ አባቱ ያልጻፉት ሥራ ለአባቱ ይመዘገባል። በዚያ ላይ «ጸጋዬ» ወይም «ፍቅርተ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሁሉም እንደመሰለው ስለሚጽፈው፣ የአንድ ሰው ሥራዎች በሦስትና በአራት ሰው ስም ተበትነው ይገኛሉ። ለዚህ መድኃኒት እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርኪድ (ORCID) የተባለው የተመራማሪዎች መዝገብ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ባለ 16 አሃዝ መለያ ቁጥር በነጻ ይሰጣል። መምህራን፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ ተመዝገቡ፤ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ያስታል። በ2011 ዓ.ም የቀረበ የመመረቂያ ጽሑፍ መዝጋቢው «2011» ብሎ ሲያስገባ ሲስተሙ እንደ አውሮፓ ይወስደዋል፤ ጽሑፉም ገና ሳይወለድ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። እንዲህ ያለውን ስሕተት እኔም በገዛ እጄ በብዛት ሠርቻለሁ፤ ሳርመውም ከርሜያለሁ።

ደግነቱ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር የሚገዛ አይደለም። በብዙ የአገራችን ቤተ መጻሕፍት የሚሠራበት ኮሃ የተባለው የካታሎግ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ላይ ኒውዚላንድ ውስጥ በአንድ የገጠር አካባቢ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ስሙ በማኦሪዎች ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፎች የሚከማቹበት ዲስፔስም እንዲሁ በነጻ የሚገኝ ነው። የሁለቱም የውስጥ ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ የእኛን የፊደል ሕግ ልናስገባበት እንችላለን። እስካሁን በየተቋሙ ያላደረግነው ገንዘብ አጥተን ሳይሆን፣ ይህን ሥራ እንደ ምርምር የሚቆጥርልን ስላላገኘን ነው። አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ለሥራ መፈለጊያ የሚሆን ሌላ መተግበሪያ ከሚሠራ ይህን ቢሠራ፣ እኔ በግሌ ቡና እየጋበዝኩ ካታሎጉን አሳየዋለሁ።

ወደ ምርምር ሥራ ስንገባ፣ ለውጡን በጉልህ የሚያሳየው የሐይቃችን ጉዳይ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ከታየ ወዲህ በምን ያህል ስፋት ተዛመተ የሚለውን ለመለካት፣ ቀድሞ ቢሆን በጀልባ ዳር ዳሩን ከመዞር ሌላ መንገድ አልነበረም። ዛሬ ግን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች በነጻ ተለቅቀዋል፤ አንዷ የምስል ነጥብ 30 በ30 ሜትር ትሸፍናለች። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የመጣው የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ደግሞ ነጥቡን ወደ 10 በ10 ሜትር አጥብቦታል፤ በየአምስት ቀኑም ይመለሳል። አንድ ተማሪ ባሕር ዳር ተቀምጦ የደምቢያንና የፎገራን ዳርቻ ከዓመት ዓመት ማወዳደር ይችላል። ነገር ግን በክረምት ሰማዩ ሲዳምን ይህ ሳተላይት ከደመና በቀር የሚያየው የለም፤ ያኔ ወይ በራዳር የሚያየውን ሴንቲኔል 1 መጠቀም ወይም ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጋር ታንኳ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ምስሉን የሚመረምረው ኮምፒውተርም ብዙውን ጊዜ የጉግል ነው፤ ተማሪው ትእዛዝ ይልካል፣ ውጤት ይቀበላል። ኔትወርክ ከሌለ ምርምሩ የለም። አማካሪዎች ተማሪዎቻቸው የተጠቀሙባቸውን ምስሎችና የጻፉትን ኮድ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ለቤተ መጻሕፍቱ እንዲያስረክቡ ቢያዝዙ፣ የሚቀጥለው ተማሪ ከባዶ አይጀምርም። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል፤ ፖሊሲው አለ፣ የጎደለው አስረካቢው ነው።

በዚሁ በእምቦጭ ጉዳይ አንድ ተማሪ ባለፈው ዓመት የዋቢ ዝርዝር ይዞ መጣና አምስት ጽሑፎች እንዳስገኝለት ጠየቀኝ። የመጽሔቶቹ ስም እውነተኛ ነው፤ ርእሶቹም የሚያምሩ፣ አንዱም ስለ መገጭ የሚናገር። ፈለግን። የመጀመሪያው የለም። ሁለተኛው በተባለው ቅጽ ላይ በተባለው ገጽ የሚገኘው ስለ ሌላ አገር ዓሣ የተጻፈ ነው። በሦስተኛው ላይ መጽሔቱ ገና ያልደረሰበት የቅጽ ቁጥር ተጽፏል። ልጁን ቀና ብዬ ሳየው ላብ ላብ ብሎታል። በኅዳር 2015 ዓ.ም ይፋ የሆነውን ቻትጂፒቲን የመሰሉ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ከቃል ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በመገመት ስለሆነ፣ ዋቢ ስትጠይቋቸው ዋቢ የሚመስል ነገር ይሰጣሉ፤ ስለመኖሩ ዋስትና የለም። ልጁን አልተቆጣሁትም። አማካሪው ዝርዝሩን አይቶ አሳልፎት ነበርና።

አማርኛ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ይከፋል። እነዚህ ፕሮግራሞች የተማሩት በኢንተርኔት ላይ ካለው ጽሑፍ ነው፤ የእኛ ጽሑፍ በዚያ ላይ ጥቂት ነው። ብዛት ያለው የአማርኛ ጽሑፋችን ያለው ቅድም በነገርኳችሁ ሲዲዎች፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ሐርድ ዲስክና ገና ባልተነሡ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የሌለውን ነገር ማሽኑ ከየት ያምጣው? በኮምፒውተር ማኅደር ውስጥ እንኳ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ጽሑፍን በባይት ለሚቆጥር ሥርዓት አማርኛ ውድ ቋንቋ ነው ማለት ነው።

ስለ ማስተማር አጭር ነገር ብቻ ልበል። የተማሪዎቻችን እውነተኛ ቤተ መጻሕፍት ቴሌግራም ነው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ሞጁሉ፣ ሃንድአውቱ፣ የዓምናው ፈተና፣ የማይታወቅ ሰው ያነሣው ግማሽ ገጹ የተቆረጠ መጽሐፍ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ፍጥነቱን አደንቃለሁ። ቅር የሚለኝ፣ ማን ጻፈው፣ መቼ ተጻፈ፣ የትኛው እትም ነው የሚለው ጥያቄ እዚያ መጥፋቱ ነው፤ «ፒዲኤፉ አለህ?» ከተባለ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። ቻናሉ አንድ ቀን ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለቤተ መጻሕፍት በተወሰነ ሁኔታ ቅጂ የማባዛት ፈቃድ ስለሚሰጥ፣ በሕግ የምንችለውን ያህል በተቋማችን ሰርቨር ላይ ብናስቀምጥ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቀንም በግቢው ገመድ ይነበባል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር መሰጠቱም እንዲህ ያለውን ዝግጅት አስገዳጅ አድርጎታል፤ ፈተናው የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ማውስ ይዞ የማያውቅ ተማሪ አጋጥሞኛልና።

አሁን በእጃችን ያለውን ሥራ ልንገራችሁና ልጨርስ። ያቺ ተማሪ ከመጣች ወዲህ ያንን ካርቶን ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ሆነን እየከፈትን ነው። ሲዲውን እናነባለን፤ ፋይሉን እንዳለ በሁለት የተለያዩ ሐርድ ዲስኮች ላይ እናስቀምጣለን፤ ቀጥሎ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ እንቀይርና ከታተመው ጋር ሰው ዓይን ለዓይን ያስተያየዋል፤ ምክንያቱም መቀየሪያው ፕሮግራም ሳድስንና ካዕብን አልፎ አልፎ ያምታታል። ከሲዲዎቹ አንዳንዶቹ ፊታቸው ተልጦ አይነበቡም፤ ለእነሱ ጸሐፊዎቹን በስልክ እየፈለግን ነው፤ አንደኛው አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ጠበቃ ሆኗል፤ «ፍላሹ ነበረኝ፣ ፎልደሩ ሾርትከት ሆነብኝ» ብሎናል። ለደሴቱ አባትም በስተመጨረሻ ያነሣኋቸውን ምስሎች በባለ ቀለም አሳትሜ፣ ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ራሴ ወሰድሁላቸው። አንድ በአንድ አዩና ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ማኅደር ውስጥ አስገቧቸው።

ካርቶኑ ገና ከግማሽ በላይ አለው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ዴስክቶፕ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ተቃጥሎብናል። ስለዚህ ከመካከላችሁ አሮጌው የግዕዝ መጻፊያ ተጭኖበት እስካሁን የሚሠራ ኮምፒውተር በቤቱ ያለው ሰው ካለ፣ ሻይ ሰዓት ላይ በግራ በኩል ባለው በር አጠገብ ያገኘኛል።